«ኖቶሪየስ» ማለት «ዝነኛ» አይደለም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፣ ሻይ ቢጤ ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገብቶ «ቲቸር፣ ለማስተርስ የጻፍኳትን ደብዳቤ አንዴ ይዩልኝ» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። ደብዳቤው ውጭ አገር ላሉ ፕሮፌሰሮች የሚላክ ነው። ከፈትኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ ፕሮፌሰሩን «ኖቶሪየስ ምሁር» ይላቸዋል።

ሳቄም መጣ፣ ደነገጥኩም። ኖቶሪየስ የሚባለው በክፉ ሥራው ስሙ የወጣ ሰው ነው። ወንበዴ ኖቶሪየስ ይባላል፣ አጭበርባሪም እንደዚሁ። ልጁ ሊል የፈለገው «ስመ ጥር» ነው። ለሁለት ሰዎች ልኮት ኖሯል፣ ሁለቱም አልመለሱለትም። በዚህ ቃል ምክንያት ነው ማለት አልችልም፣ ግን እኔ ብሆን ሦስተኛውን መስመር የማነብ አይመስለኝም።

«ከየት አመጣኸው?» ስለው ደብተር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። «ኖቶሪየስ = ዝነኛ»። ከላይ «በቀን 20 ቃል» ይላል። ደብተሩን አወቅኩት። እኔ ነኝ ያስያዝኩት!

ስለዚህ ይሄ ፖስት ግማሹ ይቅርታ ነው።

ያኔ ያሰብኩት ልክ ይመስል ነበር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ቃል ያጥራቸዋል፣ እንግዲህ ቃል ይሸምድዱ አልኩ። በዘርፉ የታወቀው ተመራማሪ ፖል ኔሽን ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል ይላል። በቀን 20 ብናሰላው 450 ቀን፣ ዓመት ከሦስት ወር መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን በዚህ መንገድ የሚገኘው 9,000 «ኖቶሪየስ» ነው።

ችግሩ ያለው እኩል ይሆናል ምልክቷ ላይ ነው። ቃል ለብቻው አይኖርም፣ አብሮት የሚውል ጎረቤት አለው። በራሳችን ቋንቋ እዩት። እኛ ቡናው «ቀጠነ» እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ደግሞ «ዊክ ኮፊ» ይላል፣ ደካማ ቡና እንደ ማለት። ተማሪዬ «ቀጭን = ቲን» ብሎ የያዘ እንደሆነ «ቲን ኮፊ» ይላል፤ ፈረንጁም ይገባው ይሆናል፣ ግን ግር ይለዋል። አንድ ፈረንጅ «ደካማ ቡና ስጪኝ» ቢል እኛም ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ይህን የሚያስተምር ዝርዝር የለም። ደጋግሞ ማንበብና መስማት ነው።

ሌላው በሽታችን ከባድ ቃል ፍለጋ ነው። የጂአርኢ ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ፈተናው ራሱ እኮ ቃል ነጥሎ «ተቃራኒውን ፈልግ» የሚለውን ጥያቄ በ2011 እ.ኤ.አ. አስቀርቶታል! እኛ ግን አልሰማንም። ዝርዝር የግድ ካላችሁ የአቬሪል ኮክስሄድን የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ያዙ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ 570 የቃል ቤተሰብ ብቻ፣ ግን ከአካዳሚክ ጽሑፍ አሥር በመቶ ገደማውን ይሸፍናል። ብዙዎቹ «አውቃቸዋለሁ» የምንላቸው ናቸው። እስኪ «አሲዩም» የሚለውን በሦስት የተለያየ ዐረፍተ ነገር አስገቡልኝ። አያችሁ?

አማርኛ ተናጋሪ መሆናችን ደግሞ አንድ የማንጠቀምበት ብልጫ ይሰጠናል። ጻፈ፣ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ቤት፤ ሥሩን ያወቀ ቤተሰቡን ይገምታል። እንግሊዝኛም ከላቲን የወረሳቸው ሥሮች አሉት። «ስፔክት» ማየት ነው። ኢንስፔክት፣ ስፔክታተር፣ ፕሮስፔክት ሁሉም ውስጥ ዓይን አለ። ይህን ክፍል ውስጥ ለምን እንዳላስተማርኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለልጁ ደብተሩን አትጣለው አልኩት። ሦስተኛ ዓምድ ጨምርበትና ቃሉን ያገኘህበትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ጻፍ። ያላነበብከውን ቃል አትመዝግብ። በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ተመለስበት። ትርጉሙን ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ ከሚፈታ የተማሪ መዝገበ ቃላት እይ፣ ኦክስፎርድም ሎንግማንም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። ለንባብ ደግሞ ከ100 ቃል ሁለት ሦስት ብቻ የሚያስቸግርህን ምረጥ። አሥር ካስቸገረህ ማንበብ ቀርቶ ቁፋሮ ይሆንብሃል።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው። «ኖቶሪየስ» ወጣ፣ በምትኩም ሌላ ከባድ ቃል አልገባም። የፕሮፌሰሩን የትኛውን ጥናት እንዳነበበና ምን እንዳልገባው በቀላል እንግሊዝኛ አስቀመጠ። ሰኞ ለሦስተኛ ሰው ልኮታል። መልሱ ገና ነው።

ያ ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር አሁንም ቤታችሁ ያለ ተማሪዎቼ፣ አንድ ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ኢንቦክስ ላኩልኝ። ያስያዝኳችሁ እኔ ነኝ፣ እኔው ላርመው።