በሩ ተከፍቷል፤ ምን ይዘን ልንወጣ ነው?

ወገን፣ ላይክ አድርገህ ከማለፍህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብባት።

"ድንበር ለንግድ ከተከፈተ አለቀልን" የሚሉ ወንድሞች አሉ። አገር ወዳድነታቸውን አልጠራጠርም። ግን ልጠይቅ፦ ድንበሩ መቼ ተዘግቶ ያውቃል? በሞያሌና በቶጎ ውጫሌ የቁም ከብታችን እየወጣ ልባሽ ጨርቅ እየገባ አይደል እንዴ? ነፃ ንግድማ ድሮም አለ፤ ለኮንትሮባንዲስቱ! ቀረጥ የሚከፍለውና ወረቀት ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተተው በሕግ የሚሠራው ሰው ነው።

የሩቁን ገበያ አምነን የሆንነውንም አንርሳ። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከአጎዋ ስትሰርዘን ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስንት እህቶቻችን ሥራ አጡ? አጎዋ ስጦታ ነበር፤ ሰጪው ሲያኮርፍ ይወስደዋል። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ግን እኛም የፈረምነው፣ ፓርላማችንም በመጋቢት 2011 ዓ.ም ያጸደቀው ስምምነት ነው። እዚህ ለማኝ አይደለንም፤ ባለድርሻ ነን።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ጭነታችን ላይ! ስምምነቱ "የስሪት አገር" የሚባል ደንብ አለው። በቅናሽ ቀረጥ የሚያልፈው አፍሪካ ውስጥ የተመረተ ወይም በቂ እሴት የተጨመረበት ዕቃ ነው። ከሌላ አህጉር አምጥቶ ስም ለጥፎ መሸጥ አይሠራም። ስለዚህ በብዛት የሚጠቀመው ፋብሪካ ያለው ነው። እኛስ? የቡና መገኛ ነን እያልን በብዛት የምንልከው ጥሬ ቡና ነው። ጀርመን አንድ እግር ቡና ሳትተክል ቆልታ ለሌላው ትሸጣለች።

እኔ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነኝ። ማስታወቂያ ቦርድ ሥር ቆሜ "የ3 ዓመት ልምድ" የሚለውን ስንቴ እንዳነበብኩ አልቆጥረውም፤ አንተም አንቺም ታውቁታላችሁ። ያ ጥሬ ቡና በጆንያ ሲወጣ የቆይው፣ የአሻጊው፣ የላብራቶሪ ባለሙያው፣ የሒሳብ ሠራተኛው ሥራ አብሮ ይወጣል። መኪናው ላይ የተጫነው የኔና ያንተ ደመወዝ ነው!

ስምምነቱ ከዕቃ ዓይነቶች 90 በመቶው ላይ ቀረጥ ደረጃ በደረጃ ይነሳ ይላል። 7 በመቶው ዘግየት ብሎ ይነሳል፤ እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ደግሞ አገር ከቅነሳው ውጭ ማድረግ ይችላል። በልማት እጅግ ወደኋላ ለቀሩ አገሮች ለ90 በመቶው የተሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው። በቀጠናው ንግድ በይፋ የተጀመረው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ነው። ሰዓቱ እየሮጠ ነው ጎበዝ!

ስለዚህ "ዝጉት" ብለን አንጩኽ። ይህን እንጠይቅ፦ የትኛው ምርታችን ነው ከለላ የተሰጠው? ገበሬውም ወጣቱም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ለሚቆላ፣ ለሚፈትል፣ ለሚያሽግ ወጣት የቤት ካርታ ሳይጠየቅ ብድር ይሰጠው። ሞያሌ ላይ ሕጋዊው ነጋዴ ከኮንትሮባንዲስቱ ፈጥኖ ይለፍ።

አገር መውደድ ማለት "የኢትዮጵያ ምርት" የሚል ጽሑፍ ናይሮቢ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ማድረስ ነው። ካላመረትን በተከፈተው በር የምንወጣው እኛው ነን፤ ለስደት።

ያመንክበት ሼር አድርገው።