የድሮ ጓደኞች ሲሰበሰቡ ምን ይልበሱ?

አብረው የተማሩ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ሰዎች ከብዙ ዘመን በኋላ ተፈላልገው መገናኘታቸው የሚመሰገን ልማድ ነው። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላልና በጡረታ ዘመን ይህ መድኃኒት ይበልጥ ያስፈልጋል። ነገር ግን በመጥሪያው ወረቀት ግርጌ የምትጻፈው አንዲት መስመር፣ «ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ» ወይም «ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ» የምትለው፣ ስንቱን ወዳጅ ከቤቱ እንደምታስቀር አዘጋጆቹ ያሰቡበት አይመስለንም።

ሰው በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ገቢው ይቀንሳል፤ ሰውነቱም ይለወጣል። በሥራ ዘመን የተሰፋው ሙሉ ልብስ ለአንዱ ይሰፋዋል፤ ለሌላው አልቆለፍ ይላል። አዲስ ለማሰፋት ኪሱ ያልፈቀደለት ሰው «አሞኛል» ብሎ መቅረትን ይመርጣል። በመዋጮ የሚታተመው ካናቴራም ቢሆን ለአንዱ ቀላል ሲሆን ለሌላው የሳምንት አስቤዛ ነው።

እኛ እንደሚመስለን ከሁሉ የሚሻለው የሀገር ልብስ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ያሞቃል፤ መወፈርንና መክሳትን አይቆጥርም፤ አዲሱም አሮጌውም ታጥቦ ከነጣ አንድ ነው። ሴቶች እኅቶቻችንም በቤታቸው ያለው ቀሚስና ነጠላ ይበቃቸዋል እንጂ ከሽሮ ሜዳ ጥልፉ የከበደ አዲስ ቀሚስ መግዛት ግዴታ ሊሆንባቸው አይገባም። የሀገር ልብስ የሌለውም ሹራቡን ለብሶ ቢመጣ ነውር የለበትም።

«እንዲህ ከሆነ የስብሰባው ክብር ይጎድላል» የሚሉ አይጠፉም። ክብር ግን በልብሱ ንጽሕና እንጂ በዋጋው አይለካም።

ጫማም አይዘንጋ። እግር እስከ ማታ እብጥ ስለሚል ጧት ልክ የሆነው ጫማ ማታ ይጠብባል፤ ረጅም ተረከዝም በዕድሜ የገፋን ሰው ለመውደቅ ያጋልጣል። ዝቅ ያለና የማያንሸራትት ጫማ ይሻላል። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ስለሚበረታ ግብዣው በቀን ቢሆን ደግ ነው።

እንግዲህ አዘጋጆች ሆይ፤ በመጥሪያው ላይ «ንጹሕና የሚመችዎን ለብሰው ይምጡ» ብላችሁ ጻፉ። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚናፈቀው የወዳጅ ፊት ነው። ዘንድሮ በልብስ ምክንያት የቀረው ወዳጅ ለከርሞ በሕይወት ላይገኝ ይችላል።