ካሜራው የሚመጣው ለረሃብ ብቻ ነው?

ዓለም ወሎን ያወቀው በፊልም ነው፤ ያውም በረሃብ ፊልም። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን እልቂት ቀርጾ ላገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለሕዝብ አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የሞሐመድ አሚን ካሜራ ኮረምን ለዓለም አሳየ።

እነዚህ ፊልሞች እህልና መድኃኒት አስመጥተዋል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ግን ካሜራው ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ ያች እናት የት ደረሰች? ልጇስ? የልጅ ልጇስ?

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን እንውሰድ። ከአንድ ድኻ ቤት አያትየው በ66 ምን ሸጠው፣ ማንን ቀብረው እንደተረፉ ይናገሩ። አባት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያገኘው መሬት ለስንት ልጅ እንደተሸነሸነ ያሳየን። መሬት ያልደረሳት ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ የምትልከው ገንዘብ የቱን ቀዳዳ እንደደፈነ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና አካባቢዋን ሲያጥለቀልቅ ቤቱ ምን እንደቀረለት እንስማ። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል አላት፤ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ያወጣል። ዘሩ አጥሩን ተሻግሮ እዚህ ቤት ማሳ ገብቷል? ይህን ሁሉ ለሁለት ቀን ብቅ ያለ ካሜራ አያገኘውም።

«ገንዘብ የለም» የሚሉን ባለሙያዎች አሉ። እንግሊዞች በ1956 ዓ.ም. 14 ሕፃናትን ቀርጸው በየ7 ዓመቱ እየተመለሱ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ተከታተሏቸው። የጠየቃቸው ከገንዘቡ ይልቅ ተመልሶ መምጣትን ነው። የኛው ኃይሌ ገሪማም «ምርት፦ 3000 ዓመት»ን በአብዮቱ ሰሞን በጥቂት ሳምንታት፣ በጥቁርና ነጭ ቀርጾታል። ፊልሙ ልብ ወለድ ቢሆንም የገበሬው ቤተሰብ እንደ ሰው ይናገርበታል፤ ይሠራበታል፤ ይቆጣበታል። ዛሬማ ካሜራ የሌለው ስልክ ማን ይዟል?

እንግዲህ ፊልም ሠሪዎቻችን ሆይ፣ አንድ ቤት ምረጡ። ፈቃድ ጠይቁ፤ የቤቱን ሰዎች በስማቸው ጥሩ። ዝናብ በጣለበትም፣ ሠርግ በተደገሰበትም ዓመት ተመለሱ። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከመመረቁ በፊት ሲሪንቃ ላይ አንሶላ ዘርግታችሁ አሳዩ። «ይኼ የኛ ኑሮ አይደለም» ካሉ እንደገና ሥሩት።