እዚያው ተሰልቶ እዚያው የሚታይ

በአገው ምድር፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው ኳስ የሚጫወቱ ሁለት ወጣቶችን፣ ከጀርባቸው ደግሞ ተራ እየጠበቁ ዳኝነት የማይሰለቻቸውን ጓደኞቻቸውን ያገኛል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሣር፣ የተጫዋቹ ጥላ፣ የሚውለበለበው ባንዲራ ቀድሞ የተቀረጸ ፊልም አይደለም። ልጁ ጣቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሣጥኑ ውስጥ ያለው የግራፊክስ ቺፕ ምስሉን እንደ አዲስ ያሰላዋል። በሴኮንድ 60 ምስል ለማሳየት ለአንዷ ምስል የሚደርሳት ጊዜ 17 ሚሊሴኮንድ አይሞላም። ስክሪኑ ፎር ኬ ከሆነ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች እያንዳንዳቸው ቀለም ሊወጣላቸው ይገባል።

የግራፊክስ ካርድ ሠሪዎች ይህን ጉልበት ለማሳየት ሲሉ ከጌም የተለየ ነገር ይሠራሉ፤ ዴሞ ይሉታል። አሸናፊ የለበትም፣ ጎል አይቆጠርበትም። ካርዱ የሚችለውን በአደባባይ ማሳየት ብቻ ነው ሥራው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ስቲቭ ጆብስ ቶኪዮ ላይ የኤንቪዲያን ጂፎርስ 3 ካርድ ሲያስተዋውቅ ያሳየው «ሉክሶ ጁኒየር»ን ነበር። ፒክሳር በ1986 የሠራት፣ የሁለት የጠረጴዛ መብራቶች አጭር ፊልም ናት። ያኔ ኮምፒውተሩ አንዷን ምስል ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጅበት ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ያው ትዕይንት በአንድ ካርድ፣ በሕዝብ ፊት፣ እየተሰላ ታየ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኤንቪዲያ ለጂፎርስ ኤፍኤክስ ካርዱ «ዶውን» የምትባል ክንፋም ልጅ ይዞ መጣ፤ ቆዳዋንና ዓይኗን አይቶ ያልተገረመ አልነበረም። ሌሎች ፕሮግራመሮች ግን ዶውንን በተፎካካሪው ኩባንያ በኤቲአይ ራዲዮን ካርድ ላይ እንድትሠራ አደረጓት። እዚያ እንዲያውም የበለጠ ፈጠነች ተባለ። ለራስ ማስታወቂያ የተሠራች ልጅ ለጎረቤት ስትጨፍር ማየት ለኤንቪዲያ ሰዎች ደስ የሚያሰኝ አልነበረም።

ይህ ታሪክ የሚያስቅ ቢሆንም የዴሞን ክብር ያሳያል፤ ገዥው እቤቱ ጭኖ ሊፈትነው ይችላል። ቪዲዮ እንዲህ አይፈተንም። በ2005 በአሜሪካው የኢ3 ትርዒት ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 3 ያሳየው የ«ኪልዞን 2» ትዕይንት ብዙዎችን አፍ አስከፍቶ ነበር። ኋላ ላይ ቀድሞ ተሰልቶ የተቀረጸ መሆኑ ታወቀ። ጌሙ ራሱ ገበያ ላይ የዋለው በ2009 ነው።

አገው ምድር ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን የሚያከብረው፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል የፈረሱን ጌጥ ብቻ አሳይቶ አይመለስም፤ ሕዝብ እያየ ይጋልበዋል። ከቪዲዮ ይልቅ ዴሞን ማመን የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እርግጥ ዴሞም ቢሆን ከጀርባው የትኛው ማሽን እንደቆመ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኤፒክ ጌምስ «ሳማሪታን» በ2011 ሲታይ ሦስት የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ተጠምደውለት ነበር። በዓመቱ አንድ ጂቲኤክስ 680 በቃው። በመጋቢት 2018 የብርሃንን ጨረር እየተከተለ የሚያሰላው የስታር ዋርስ ዴሞ «ሪፍሌክሽንስ» የኤንቪዲያ አራት የቮልታ ካርዶች ባሉት ውድ ኮምፒውተር ነበር የሄደው፤ ነሐሴ ላይ በአንድ የቱሪንግ ካርድ ሄደ። ዛሬ ተራው ሰው የማይደርስበት ጉልበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቱ መውረዱ አይቀርም።

አንድ ሰው አገው ምድርን በዴሞ ሊሠራ ቢነሣ ከሁሉ የሚያስቸግረው የቱ ነው? የፈረስ ጋማ አንዱ ነው። ብዙ ጌሞች ፀጉር የተሣለበት ስስ ወረቀት መሰል ነገር ደራርበው ያልፉታል፤ እያንዳንዱን ዘለላ በነፋስ ማወዛወዝ ግን ካርድ ያስምጣል። ሌላው ካርድ ሠሪ ኤኤምዲ በ2013 በ«ቶምብ ሬይደር» ላይ «ትሬስ ኤፍኤክስ» የተባለውን ዘዴ ያወጣው ለአንዲት ሴት ፀጉር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ዘንገና ነው። በደን የተከበበ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ስለሆነ ዛፎቹ ውሃው ላይ ካልታዩ ዘንገና አይደለም። ብዙ ጌሞች ለነጸብራቅ የሚጠቀሙበት ርካሽ ዘዴ በስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ብቻ ገልብጦ ውሃው ላይ ይለጥፋል። ተመልካቹ ካሜራውን ወደ ውሃው ዝቅ ሲያደርግ ዛፎቹ ከስክሪኑ ይወጣሉ፤ ያኔ ነጸብራቃቸውም አብሮ ይጠፋል። ጨረር የሚከተለው ስሌት ይህን ችግር ይፈታዋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ካርድ ነው።

በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት ይህን ሰምቶ እጁን ማጣጠፍ የለበትም። የሦስት ገጽታ ምስል መሥሪያው ብሌንደር በነጻ ይገኛል፤ የጌም መሥሪያው አንሪል ኢንጂንም ከ2015 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይወርዳል። በአውሮፓ ዴሞን ለጥበብ ብለው የሚሠሩት የ«ዴሞሲን» ሰዎች ጉራቸው የካርድ ትልቅነት ሳይሆን የፋይል ትንሽነት ነው። በ2004 «ፋርብራውሽ» የተባለው የጀርመን ቡድን ሰዎች «ክሪገር» የሚባል የተኩስ ጌም በ96 ኪሎባይት ውስጥ ጨምቀውታል። በ2020 ፊንላንድ ዴሞሲንን በብሔራዊ የባህል ቅርሷ መዝገብ አስፍራዋለች። አዲስ አበባ ውስጥም ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮን ይዞ «ኩኩሉ»ን ለስልክ ሲሠራ ቀልቡ ያለው ሕዝብ እጅ ላይ ባለው መሣሪያ ላይ ነበር።

የዘንገና ዴሞ አንድ ደቂቃ ቢሆን በቂ ነው፤ ካሜራው ግን በተመልካቹ እጅ ይሁን። ለጥ ላለ ውሃ ደግሞ ጨረር መከተል ግዴታ አይደለም። ትዕይንቱን ገልብጦ ሁለተኛ ጊዜ መሣልና ውሃው ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ካሜራው ወዴትም ቢዞር ዛፎቹ ከውሃው አይጠፉም። የ«ሃፍ ላይፍ 2» ውሃ በ2004 የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ያንን ጌም ደግሞ ዛሬ አሮጌ የሚባል ላፕቶፕ ሳይቸገር ያጫውተዋል።