የድሃውን ልጅ ፈጠራ ለዕድል አንተውም



በየሰፈራችሁ አንድ ልጅ አለ። የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም፣ የጎረቤት ምጣድ ሲቃጠል የሚጠራ፣ ከወዳደቀ ሽቦና ከአሮጌ የሞባይል ባትሪ መብራት ሠርቶ ማታ የሚያጠና ልጅ ነው። እናቱ ጉሊት ትቸረችራለች ወይም ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ሰፈርተኛው «ይኼ ልጅ ኢንጂነር ይሆናል» እያለ ይመርቀዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ይህንኑ ልጅ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የታክሲ ረዳት ሆኖ ወይም የስደት መንገድ ጀምሮ ነው። ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ፍትሕ ያለንን አቋም በዚህ ሰነድ ሌሎች ገጾች ላይ አቅርበናል። ይህ ገጽ ስለዚህ ልጅ ነው።

ፖሊሲያችንን ስናዘጋጅ አንድ የሌላ አፍሪካዊ አገር ታሪክ ደጋግመን አንሥተናል። በማላዊ፣ ካሱንጉ በተባለ አካባቢ፣ ዊሊያም ካምኳምባ የሚባል የገበሬ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 አገሩን ረሃብ ሲመታት ቤተሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያውን መክፈል አቃተውና ልጁ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ገበታ ተፈናቀለ። በአቅራቢያው ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደምትገኝ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ይመላለስ ጀመር። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉን እየተከተለ ስለ ኃይል የሚያስረዳ የመማሪያ መጽሐፍ አጠና። ከዚያም የወዳደቀ ብረት ከተከማቸበት ስፍራ የትራክተር ማራገቢያና የአሮጌ ብስክሌት አካል ሰበሰበ፤ የፕላስቲክ ቱቦ በእሳት ጠፍጥፎ ክንፍ አደረገ፤ ከባሕር ዛፍ ግንድ ባቆመው ማማ ላይም ነፋስ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሠራ። ዲናሞውን በገንዘቡ የገዛለት ጓደኛው ነበር። ሲጀምር አብዷል ያለው የመንደሩ ሰው አምፖሉ ሲበራ ጊዜ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ይመጣ ጀመር።

ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች እዚህ ላይ የልጁን ጽናት አድንቀው ያቆማሉ። እኛን ያሳሰበን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጁ ማማውን ባቆመ ማግስት ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። አምስት ዓመት ያህል ከትምህርት ውጭ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቤተ መጻሕፍቷን ሊጎበኙ የመጡ ሰዎች ስለ ማማው ሰሙ፤ ጋዜጠኛ መጣ፤ ጋዜጣ ጻፈ። በ2007 በታንዛኒያ፣ አሩሻ ከተማ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ላይ ቀረበ። እዚያ ያወቁት ሰዎች የትምህርቱን ወጪ ሸፈኑለት፤ በ2014 አሜሪካ ከሚገኘው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመረቀ። እንግዶቹ ያን ዕለት በሌላ መንገድ አልፈው ቢሆን ኖሮስ? ማማው ያው ማማ፣ ልጁም ያው ልጅ ሆኖ ይቀር ነበር። በእኛ እምነት የአንድ ዜጋ መክሊት መንገደኛ አይቶት ባለማየቱ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ይህን ማስተካከል የመንግሥት ሥራ ነው።

አገራችን የእጅ ጥበብ ደሃ ሆና አታውቅም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የተመለከተ ሁሉ ምስክር ነው። ከአሮጌ በርሜል የከሰል ማንደጃ፣ ከቆርቆሮ አክንባሎ፣ ከመኪና ጎማ ጫማ ይወጣል፤ የሚጣል ነገር የለም። ባለሙያውን ጠይብና ፋቂ እያለ የሚያንቋሽሸው ልማድ ግን ረጅም ዕድሜ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ንቀቱ ግን ልብሱን ለውጦ ቢሮ ገብቷል። ዛሬ «ጠይብ» የሚል ባለሥልጣን አይኖርም፤ «ተደራጅታችሁ ኑ» የሚል ግን ሞልቷል።

ሕግ የለም አንልም። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። አዋጁ ለዓለም አዲስ ለሆነ ግኝት ከሚሰጠው ፓተንት ሌላ ለአነስተኛ ፈጠራ ለአምስት ዓመት የሚያገለግልና ለተጨማሪ አምስት ዓመት ሊታደስ የሚችል ጥበቃ ይሰጣል። ይህ ድንጋጌ ለሰፈራችን ልጅ የተጻፈ ይመስላል፤ ከሰል የሚቆጥብ ምድጃ ወይም የተሻሻለ የጤፍ መውቂያ በዚህ በር ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ማመልከቻው ፈጠራው በትክክል ምን እንደሆነና ጥበቃ የሚጠየቅለት የትኛው ክፍል እንደሆነ በቴክኒክ ቋንቋ ተጽፎ፣ በሥዕል ተደግፎ መቅረብ አለበት። ደሴ ወይም ሻሸመኔ ያለ የ17 ዓመት ልጅ ይህን ማን ይጽፍለታል? ጠበቃ እንዳይቀጥር እናቱ የምታገኘው ለዕለት ጉርስ ነው። ስለዚህ ሥራውን በኤግዚቢሽን ያሳያል፤ ገንዘብ ያለው ሰው አይቶ ይሄዳል፤ ከዓመት በኋላ ዕቃው በሌላ ሰው ስም ገበያ ላይ ይውላል።

ትምህርት ቤቱስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ፈተናው ከስርቆት መጠበቁን እንደግፋለን፤ ውጤቱ ግን የልጆቹ ብቻ ውድቀት አይደለም። ገዥው ኃይል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ቦታዎች 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብ ቤተ ሙከራውንና መምህሩን አስቀድሞ አላዘጋጀም። የአሲድና የቤዝን ልዩነት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚማር ልጅ በእጁ የሚያውቀውን ነገር ለፈታኙ የሚያሳይበት ቦታ የለውም።

ቴሌቪዥን ላይ ወጣት ፈጣሪዎች ሲቀርቡ ሁላችንም ደስ ይለናል። ይሸለማሉ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ከባለሥልጣን ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ከመካከላቸው ያለ ነዳጅ፣ ያለ ፀሐይና ያለ ነፋስ ራሱን በራሱ የሚያሠራ ጀኔሬተር ሠራሁ የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊኖር አይችልም፤ ኃይል ከምንም አይፈጠርም። ልጁ ላይ ግን አንስቅም። ወጣትነቱን በማይሆን ነገር ላይ ያሳለፈው አጠገቡ ተቀምጦ ይህን ሕግ የሚያስረዳው አንድ የፊዚክስ መምህር ስላጣ ነው። ጭብጨባ መምህርን አይተካም። ቡራዩ ላይ የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ተቋም መከፈቱን አንነቅፍም፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ጎንደር፣ ሐዋሳና ጅማ ያሉት ልጆች በሙሉ ቡራዩ ሊገቡ አይችሉም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ አለ። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሞ ነበር። እንዲህ ያለ ብድር የሚያስበው ተደራጅቶ ሱቅ ወይም ከብት ማድለቢያ ለሚከፍት ወጣት ነው፤ ገና ያልሠራ ነገር የሚሞክር፣ ሦስት ጊዜ ከስሮ በአራተኛው የሚሳካለት ልጅ በብድር መሞከር አይችልም። ከዚያም በላይ በየቀበሌው ደብዳቤ የሚጻፈው ለማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። የማንም ፓርቲ መታወቂያ፣ የእኛም ጭምር፣ የልጅ ችሎታ መለኪያ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ የሕዝብ ድምፅ ሥልጣን ቢሰጠን የምናደርገው ይህ ነው። አዲስ ሕንፃ አንገነባም፤ አገሪቱ በጀመረቻቸውና ባልጨረሰቻቸው ሕንፃዎች ተሞልታለች። በየከተማው ያሉት የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የመበየጃና የብረት መቁረጫ ማሽኖች አሏቸው፤ ማታና ቅዳሜ ግን ብዙዎቹ ተቆልፈው ያድራሉ። እነዚህን ዎርክሾፖች በሳምንት ሦስት ምሽትና ቅዳሜ ሙሉ ቀን ለማንኛውም የከተማው ወጣት እንከፍታለን፤ ትምህርት ላቋረጠውም ጭምር። ለሚያሠለጥነው መምህርና ለሚጠብቀው ዘበኛ የትርፍ ሰዓት እንከፍላለን። ማሽን ይሰበራል፣ ዕቃ ይጠፋል የሚሉ ይኖራሉ፤ አዎ፣ አንዳንዱ ይሰበራል። ተቆልፎ ከሚዝግ ሲሠራበት ቢሰበር እንመርጣለን።

ኮሌጆቹ ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች የተወሰነውን ቦታ በእጅ ሥራ ብቻ ለሚፈተኑ እንመድባለን። ፈታኞቹ ከኮሌጁ መምህራንና ከከተማው አንጋፋ ባለሙያዎች፣ ከበያጁና ከመካኒኩ ጭምር ይውጣጣሉ፤ ውጤቱም በግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በዚህ መንገድ የገባ ልጅ ሒሳብና ፊዚክስ ከመማር አይድንም፤ እንዲያውም ተጨማሪ ሰዓት ይማራል። ከሁሉ በላይ ብዙ ፖሊሲ የሚረሳውን አንረሳም፤ የድሃ ልጅ ጉልበት የቤቱ ገቢ ነው። ዎርክሾፕ ገብቶ የሚያመሸው ልጅ ቤቱ ሳይበላ ያድራል። ስለዚህ ለተመረጠው ልጅ የትምህርት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን ቤቱ የሚያጣውን ገቢ የሚተካ ወርኃዊ ድጎማ በእናቱ ወይም በአሳዳጊው ስም እንከፍላለን። በዚህ ወጪ ምክንያት በመጀመሪያው ዓመት የምንቀበላቸው ልጆች ጥቂት ይሆናሉ፤ ብዙ ቃል ገብተን ጥቂት ከምንሰጥ ከአሁኑ ብንናገረው ይሻላል።

ለማመልከቻውም በየክልሉ ዋና ከተማ የፈጠራ ማመልከቻ በነፃ የሚጽፍ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሕግና የኢንጂነሪንግ ክፍሎች ጋር የሚሠራ ዴስክ እናቋቁማለን። መክፈል የማይችል አመልካች የአገልግሎት ክፍያ አይጠየቅም፤ ሥራውንም ከማመልከቻው በፊት ኤግዚቢሽን ላይ እንዲያወጣ ማንም አያስገድደውም።

ማን እንደተመረጠ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ የትኛው ሙከራ እንዳልተሳካ በየስድስት ወሩ ለከተማው ምክር ቤት በግልጽ ይቀርባል። የማይሳካው ከሚሳካው እንደሚበዛ ከወዲሁ እንናገራለን፤ ያልተሳካለትም ልጅ ሙያ ይዞ ይወጣል። ዕጩዎቻችን ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ የከተማችሁ ኮሌጅ ዎርክሾፕ ማታ የሚከፈተው በየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ቀኑን ካልነገሯችሁ ለእኛ ጻፉልን።