ያልተከራከርንበት ጠመንጃ

ከመርሳ ዝቅ ብሎ ባለው የሀብሩ ቆላ ገበሬው ሽንኩርቱን ውሃ የሚያጠጣው ክላሹን እንዳነገተ ነው። ማንገቻው በላብ ጠቁሯል፣ ሰደፉ ተፋፍቋል። ለምን እንደያዘው ለሚጠይቀው ምክንያት አያጣም፤ የውሃ ተራ የሚቀማ አለ፣ ከብት የሚነዳ አለ፣ ደመኛ አለ።

የአሜሪካ የጠመንጃ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን «ምን ነካቸው?» ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፣ እዚያ በግለሰቦች እጅ ያለው መሣሪያ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ48 ሺህ በላይ ሰው በጥይት ሞቷል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ራሱን ያጠፋ ነው። ሥሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ መያዝን ያነሳው ከሚሊሻ ጋር አያይዞ ነው። መብቱ የሚሊሻው ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው በሚለው ላይ ሲሟገቱ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ5 ለ4 ድምፅ የግለሰብ ነው አለ። ዛሬም አልተስማሙም፤ ግን በአደባባይ ይከራከራሉ።

እኛ ዘንድ ገበሬው ዐድዋም ማይጨውም የዘመተው ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ፣ ያለውን መሣሪያ ይዞ ነው። ምንሽር ከአባት ለልጅ ወረደ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ክላሹ በየገጠሩ ተበተነ። ነሐሴ 2013 ወልድያ በሰሜኑ ጦርነት ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ሕዝቡ ያየውን አይቷል። ያን ያሳለፈ ሰው «መንግሥት ይጠብቅሃል፣ መሣሪያህን አስረክብ» ሲባል ቢያመነታ አልፈርድበትም። የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ነገር ግን በየቀበሌው ሰው ተሰብስቦ «ማን ይያዝ? ለምን? ማን ይጠይቀው?» ብሎ ሲመክርበት አላየሁም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህማ ጉዳዩ የምክክር ሳይሆን የውጊያ ሆነ።

ልቤ የማይቀበለው የሠርጉን ተኩስ ነው። ሙሽራው ሲገባ ወደ ሰማይ ይለቀቃል፤ የወጣው እርሳስ የት እንደሚወርድ የሚያስብ የለም። ጭፈራው መሃል እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ሲያስገቡ አይቻለሁ። በጦርነት ውስጥ ያደገ ሕፃን የደስታውን ተኩስ ከሞቱ በምን ይለየዋል? ያው መሣሪያ ነው ደግሞ ማታ በድንበር ጠብ የሚወጣው። ቀድሞ በዱላ ተፈናክቶ የሚታረቅ ወንድምና ወንድም ዛሬ አንዱ ይቀበራል፣ ሌላው ይሸፍታል።

ይህን ተኩስ አዋጅ ብቻውን አያስቆመውም። በወሎ ደም ሲፈስ አበጋሮች ተቀምጠው ያስታርቃሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ያከብራል። ታዲያ ደም እስኪፈስ ለምን ይጠበቃል? የጥር ሠርግ ሳይገባ የወልድያ፣ የመርሳና የውርጌሳ ሽማግሌዎች፣ ሼሆችና ቄሶች አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ተኩስ ያለበት ድግስ ላይ ዱአም ምርቃትም አንሰጥም ብለው በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ያስነግሩ።