እጅ ላይ የወጣ እብጠት በምላጭ አይነካ

እኩዮቼ፣ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ልጅ እጁ ላይ እብጠት ሲወጣበት መጀመሪያ የሚያሳየው ለእኛ ነው፤ «ወጌሻ ይየው» ካልን ወጌሻ ጋ ይሄዳል፣ «ይተኮስ» ካልን ይተኮሳል። ወጌሻ ለወለምታ ይሁን፣ አልከራከርም። እብጠት ግን የእሱም የእኛም ሥራ አይደለም።

እጅ ላይ ከሚወጣው እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ጉዳቱን የምናመጣው ስንነካካው ነው። በእጅ አንጓ ጀርባ ጉብ የሚለውን ተመልከቱ። ሐኪሞች ጋንግሊዮን ይሉታል፤ ዝልግልግ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ በጨለማ ባትሪ ሲበራበት ብርሃን ያሳልፋል። ካላመመና ሥራ ካላስፈታ ቢተዉት ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በመርፌ ቢመጠጥ ተመልሶ መሙላቱ የተለመደ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ከነሥሩ ሲወጣ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። መትቶ ማፍረጥ የሚባለውን ተዉት። (ፈረንጆቹም በመጽሐፍ ቅዱስ ይመቱት ነበርና ጉዱ የእኛ ብቻ አይደለም።) ያው እብጠት በመዳፍ በኩል፣ ከአውራ ጣት በታች ከወጣ ደግሞ የልብ ትርታ ከሚቆጠርበት የደም ቧንቧ ጋር ተጠግቶ ነው የሚገኘው። እዚያ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ምን እንደሚያመጣ አስቡት።

በእኛ ዕድሜ ጥፍር አጠገብ የምትወጣው ውሃ ቋጣሪም እንዲሁ ናት። ከሥሯ ያለው ያረጀ መገጣጠሚያ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ በመርፌ የወጋት ሰው ጀርም ወደ መገጣጠሚያው ሊያስገባ ይችላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የማይታየው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካት ጣቷን ይዛ የምትጮህ ሴት አላጋጠመቻችሁም? ዕቃ ማጠብ ሰንፋ ነው፣ ሰበብ ፈልጋ ነው ትባላለች፤ ዓመታት ያልፋሉ። ከጥፍሯ ሥር ግሎመስ የምትባል፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ እጢ ልትኖር ትችላለች። ሐኪሙ በእስክሪብቶ ጫፍ ነጥቧን ሲነካ ሴትዮዋ ትዘላለች፣ ጎኗን ሲነካ ዝም ትላለች። እጢዋ ተቆርጣ ስትወጣ ያ ሁሉ ሥቃይ ብዙውን ጊዜ አብሯት ይሄዳል።

ጥፍር ሥር የሚጠቁረውን ግን አትመኑት። ጣቱ ሳይመታ የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካያችሁ ቀጠሮ አታብዙ። ቦብ ማርሌይን በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የገደለው ሜላኖማ የጀመረው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። እየጠነከረ የሚያድግ፣ ብርሃን የማያሳልፍ እብጠትም ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ይፈልጋል። ደግ መስሎ ክፉ የሚሆን አለና፣ ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ ሳይላክ እንዳይጣል፤ ውጤቱንም በወረቀት ጠይቁ።